ጋሽ ቅናሽ

የእንግሊዝኛ መምህሩን ተማሪዎቹ በሌለበት "ጋሽ ቅናሽ" ይሉታል።

"እንግሊዝኛ ሲያጋንን አትደንግጡ" ይላቸዋል፣ ጠመኔ ያነጣውን እጁን እያራገፈ። "ሰውዬው 'በረሃብ ልሞት ነው' ካለ ምሳ ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። 'ሚሊዮን ጊዜ ነግሬሃለሁ' ካለ ሁለቴ ተናግሯል። 'ሻንጣዬ አንድ ቶን ይመዝናል' ካለ ደግሞ አግዙኝ ማለቱ ነው። ዘዴው መቀነስ ነው።"

"ጋሼ፣ እኛስ አናጋንንም?" አለች ከተማሪዎቹ አንዷ፣ የሆቴል አስተናጋጅ።

"እኛማ ስንቴ ሞተን ነው ያለነው!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማጋነን ነው፤ ጣሪያው እንዳለ ነው።

ችግሩ፣ ቅናሹን ቤቱ ይዞት መግባቱ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ፣ "ሺህ ጊዜ ነገርኩህ፣ ይሄን ቧንቧ አሠራው! ጠብታው አናቴን በሳው!" ስትለው ጣቱን ያነሳል።

"ሺህ? ሁለት እንበል። አናትሽም ደህና ነው።"

"ኧረ አንተ ሰውዬ ገደልከኝ!"

"ቆመሽ እያወራሽ?"

መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር። ቀጥሎ ትሳደብ ጀመር። በኋላ ግን መቀነሱን ራሷ ያዘችው፤ "ወገቤ ተቆረጠ" ማለቷ ቀርቶ "ትንሽ ያመኛል" ሆነ። እሱም ከቤቱ አንድ ጎበዝ ተማሪ በማፍራቱ ኮራ።

ዛሬ ከሥራ ሲገባ የስፌት መኪናዋ ክዳኑን ለብሶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሻንጣዋ በእጇ ነው።

"ምንድነው ይሄ?"

"ትንሽ ደክሞኛል። እህቴ ጋ ልሄድ ነው።"

እንደ ልማዱ ሊቀንስ ቃሏን አገላበጠው። የሚቀነስ አጣበት።

"መቼ ትመለሻለሽ?"

"አልመለስም።" ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም።

"የኔ እመቤት፣ ያለ አንቺ እኮ አንድ ቀን አላድርም! እሞታለሁ!"

ጣቷን አነሳች። ልክ እንደ እሱ።

"ትንሽ ይከፋሃል እንበል።"

ሻንጣውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

"ተወው፣ አይከብድም" አለችው።

በሩ ተዘጋ። የስፌት መኪናውን ነገ ወንድሟ መጥቶ ይወስደዋል። መምህሩ ራቱን አቀረበ፣ በላም፤ አልሞተም። ከማድቤት ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቁጭ ብሎ አዳመጠው። እውነትም አናት ይበሳል። ይህን የሚነግረው ሰው ግን ቤቱ ውስጥ አልቀረም።