ጥፍርሽን አውሺኝ

በባጃ ሜዳ የሚያርስ ትራክተር ሁሉ ምን እንዳመመው ራውዳ ድምፁን ሰምታ ብቻ ታውቃለች። እንዲህ የምትለው ራሷ ራውዳ ናት፤ ሌላ ምስክር የለም። የአያቷ ትራክተር ከሆዱ ውስጥ «ኳ ኳ ኳ» ማለት የጀመረ ዕለት እንኳ፣ ከበሩ ላይ ሆና የጣቡና ምድጃ ዳቦዋን እያላመጠች «ፒስተን ነው!» ብላ ፈረደች። ሞተሩ ተፈታ። ፒስተኖቹ ምንም አልሆኑም።

«እኔ ለማለት የፈለግኩት የፒስተን ጎረቤት ነው» አለች።

«ዝም በይና ያንን ጨርቅ አቀብዪኝ» አሏት ባባ አዚዚ። አያቷን የምትጠራቸው እንደዚያ ነው።

በሽታው ከታች ነበር። የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ የክራንክሻፍቱን አንገቶች የሚያቅፉት፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉት ስስ ብሮንዚኖች ተበልተው መዳባቸው አፍጧል። ብሮንዚንስ ይቀየራል። ክራንክሻፍቱ ራሱ ከተቧጨረ ግን አለቀ፤ ቶርኖ ቤት እየተመላለሰ ሲላግ ኖሮ የመጨረሻው ልክ ላይ ደርሷል፣ ከእንግዲህ የሚላግ ሥጋ የለውም። ለዚህ ሞዴል ደግሞ አዲስ ክራንክሻፍት የሚሠራ ሰው የለም። ስለዚህ ባባ አዚዚ ዕድሜያቸውን ያረሱበት ትራክተር ለቆራሌ ሊሸጥ ነው። አጎቷ ሙንሲፍ ከቆራሌው ጋር በስልክ ተነጋግሮ ጨርሷል፤ የሚጠብቀው «በቃ» እስኪባል ነው።

ሙንሲፍ ማይክሮሜትሩን በየአንገቱ ላይ አንዴ በቁም፣ አንዴ በአግድም እያደረገ ለካ። «አልሳሳም። ሞላላም አልሆነም» አለ፣ ቅር እያለው።

የቀረው ጭረቱ ነው። ጭረት ደግሞ በአውራ ጣት ጥፍር ነው የሚታየው፤ ጥፍሩን ብረቱ ላይ ስትስበው ከተንሸራተተ ደህና ነው፣ ከያዘው ደህና አይደለም።

ባባ አዚዚ የራሳቸውን አውራ ጣት አዩት። ብረት ሲቀጠቅጠው የኖረ ጣት ነው፤ ጥፍር የሚባል ነገር አልቀረለትም።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ጥፍርሽን አውሺኝ።»

ራውዳ ደረቷን ነፋች። አውራ ጣቷን አስቀምጣ ሳበችው። ቀጭ! እንደገና ሳበችው። ቀጭ!

«ተቧጭሯል» አለች። ድምጿ እንደ ልማዱ ሊጮህ ፈልጎ መሃል ላይ ጠፋባት።

ሙንሲፍ ስልኩን ይዞ ወጣ። ባባ አዚዚ አልተከራከሩም። ጨርቁን ናፍጣ ውስጥ ነክረው ክራንክሻፍቱን ቀስ ብለው ይጠርጉት ጀመር፤ ሕፃን ልጅ የሚያጥቡ ነው የሚመስሉት።

«እናትሽ ልትወለድ ስትል አያትሽን ሐኪም ቤት ያደረስኳት በዚህ ነው» አሉ። «መንገዱን ሙሉ ስትሰድበኝ ሄደች። ደግነቱ የሞተሩ ጩኸት ስድቧን አላሰማኝም።»

ራውዳ ሳቀች፤ እየሳቀች ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችው። ነገ ጠዋት ተነስተው ባዶውን የትራክተር መጠለያ ሲያዩት ምን እንደሚሉ ማሰብ አልፈለገችም።

የባባ አዚዚ እጅ ቆመ።

«ይሄ ቀይ ምንድን ነው?»

«ዝገት ነዋ።»

«ዝገት ያብለጨልጫል?»

ብረቱ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አለ፣ ከነብልጭልጩ። ባባ አዚዚ እጇን ይዘው ወደ ብርሃን አወጡት። ለአክስቷ ልጅ ሰርግ ደራርባ የተቀባችው የጥፍር ቀለም፣ ጫፉ ተላልጦ እንደ ቅርፊት ቆሟል። ቀጭ ሲል የነበረው እሱ ነው።

«አጎቴ ሙንሲፍ! ስልኩን ዝጋው!»

«ሰውዬው መንገድ ጀምሯል እኮ!» አለ አጎቷ ከውጭ።

«በጀመረበት ይመለሳ!» አለች ራውዳ።

ቲነር አመጣች። ጥፍሯን እስኪነጣ ፈተገችው። አሁን ባባ አዚዚ ለብቻዋ አልተዉላትም፤ አውራ ጣቷን በሻካራ መዳፋቸው ውስጥ ይዘው፣ «ዓይንሽን ጨፍኚ» አሏትና ራሳቸው እየመሩ ከአንገት ወደ አንገት ወሰዷት። ተንሸራተተ። የሻይ ብርጭቆ የነካች ነው የመሰላት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጣቷን አቆሙት።

«ያዘው?»

«አልያዘውም።»

«እኔን ደስ እንዲለኝ ብለሽ እንዳትዋሺ።»

«ወላሂ አልያዘውም፣ ባባ አዚዚ!»

አውራ ጣቷን ሳሙት፤ ቲነሩ አስነጠሳቸው። «ብሮንዚኑን ቀይረን እናስነሳዋለን» አሉ፤ ፊታቸውን በናፍጣው ጨርቅ ጠርገው ጢማቸውን ጥቁር አደረጉት።

ሙንሲፍ ቆራሌውን መልሶ፣ ፊቱን አጨማዶ ገባ። ራውዳ ያን ፊት ስታይ መታገስ አልቻለችም። አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

«አያችሁ? ትራክተሩን ያዳነው የኔ ጥፍር ነው!»

«ያንቺ ጥፍርማ ቀብሮት ነበር» አሉ ባባ አዚዚ። «ያዳነው ቲነር ነው።»