ሁለት ለአንድ

ጄኔቲክስ እማራለሁ ብላ የተነሣችው በንዴት ነው።

እናቷ አምስት ሴቶች ወልዳለች፤ እሷ የመጨረሻዋ ናት። አምስተኛዋም ሴት መሆኗ በተሰማ ቀን የአባቷ ታላቅ እህት አራሷ አልጋ ድረስ መጥተው፣ «ምን ይደረግ፣ የሷ ማህፀን ወንድ አያውቅም» ብለው ወጡ። ያቺ ቃል አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዘመድ ዘመድ ስትዞር ኖረች። እናቷ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች፤ አባቷም ልብስ ሰፊ ነውና መርፌ እንደነከሰ ሰው ዝም ይላል። ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ገብታ ከባዮሎጂ መጽሐፏ አንድ ገጽ አነበበች። በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ቤቱ በዘመድ ሞልቶ ሳለ አክስትየዋ ነገራቸውን ሲያነሡ፣ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«እትዬ፣ የልጅን ጾታ የሚወስነው የአባት ዘር ነው፤ የእናት አይደለም። ወንድ ካነሰ ወንድምዎን ይጠይቁ።»

አንዱ አጎቷ የጠጣው ውሃ ትን አለው። አባቷ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። አክስትየዋ ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ፤ ስምንት ወርም የወንድማቸውን ደጅ አልረገጡም። እንግዳው ከተበተነ በኋላ እናቷ ወጥ ቤት ጠርታ፣ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!» ብላ ተቆጣቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን እውነት ነው?» አለች። ልጅቷ መጽሐፉን አመጣች። እናቷ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ መልሳም ሰጠቻት።

ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አባቷ፣ «ፋርማሲ ሙዪ ልጄ፤ ቢያንስ ሰው ሲጠይቀኝ ምን እንደምትማሪ መናገር እችላለሁ» ብሎ ለመናት። እሷ ግን ጄኔቲክስ ብላ ሞላች። እህቶቿ ለሦስት ዓመት ሲስቁባት ኖሩ፤ በተለይ ሦስተኛ ዓመት ላይ ዝንብ መቁጠር መጀመሯን ሲሰሙ።

ነገሩ ግን እውነት ነበር። የዘረመል ትምህርት በዝንብ ነው የሚሠራው፤ የበሰበሰ ሙዝ ላይ በምትዞረው በዚያች ትንሽ ዝንብ። ላቦራቶሪው ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ጣሪያውን ተጠግቶ የሚያልፍ ሰው ጫማ ብቻ ያሳያል። ክፍሉ የእርሾና የተቃጠለ ስኳር ሽታ ይሸታል። ጠርሙሶቹን የሚያጥቡት፣ ዝንቦቹን የሚመግቡትና የሚያራቡት ተማሪው ሁሉ «የዝንቦች እናት» የሚላቸው አሮጊት ቴክኒሻን ናቸው። የሚያስተምረው ደግሞ ነጭ ጋዋኑ ኪስ ላይ አራት እስክርቢቶ የሚደረድር ዶክተር ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ መመሪያ ወረቀት እያባዛ ያድላል። ወረቀቱ ኮፒ ከመብዛቱ የተነሣ ዳር ዳሩ ጠቁሯል።

ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው። ክንፋቸው የተጠቀለለ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ዝንብ ተሰጥቷችኋል፤ አዳቅሏቸው፤ ልጆቻቸውን ቁጠሩ፤ ሦስት ጥቅልል ለአንድ ቀጥ ታገኛላችሁ። የሚገኘው ነገር አስቀድሞ ከተጻፈ ማን ዓይኑን ያፈሳል? የከፍተኛ ዓመት ተማሪዎች ደብተራቸውን ለታናናሾቻቸው ያወርሳሉ፤ ተማሪው «ቅርስ» ይለዋል። ዝንቦቹ ገና ሳይፈለፈሉ ውጤታቸው ንጹሕ ሆኖ ይገለበጥ ነበር።

ልጅቷ ግን ቆጠረች። ዝንቦቹን በኢተር ማደንዘዣ አስተኝታ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታ፣ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ እየገፋች ሦስት ቀን ቆጠረች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆኑ። ጥቅልሎቹ ሦስት መቶ ዘጠኝ አካባቢ መሆን ነበረባቸው፤ እሷ ያገኘችው ሁለት መቶ ሰባ አምስት ነው። ቀጦቹ መቶ ሠላሳ ሰባት። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋን ለምና አስቆጠረቻት፤ ያው ነው። ያገኘችውን ጽፋ አስገባች።

ዶክተሩ በማግስቱ ቢሮው አስጠራት።

«ተሳስተሻል» አላት ደብተሩን በጣቱ እየመታ።

«ሦስቴ ተቆጥሯል ዶክተር።»

«ሦስቴ ተሳስተሻላ! ሠላሳ አራቱ ጓደኞችሽ ሦስት ለአንድ አግኝተዋል። አንቺ ብቻ ነሽ ዓይን ያለሽ?»

«ሠላሳ አራቱ ጠርሙሱን አልከፈቱትም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቃሏ ከወጣ በኋላ ራሷኑ አስደነገጣት፤ ጓደኞቿን አሳልፋ መስጠቷ ነበር። ዶክተሩ ግን የተማሪዎቹን ነገር እንዳልሰማ አለፈው። ደብተሩን ገፋ አደረገላት።

«እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት አስተካክለሽ አምጪ። አለዚያ ኤፍ ነው። ኮርሱ በዓመት አንዴ እንደሚሰጥ ታውቂያለሽ፤ ጓደኞችሽ ሲመረቁ ታጨበጭቢላቸዋለሽ።»

የቢሮው በር ክፍት ነበርና ወሬው ከእሷ ቀድሞ ካፍቴሪያ ደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ቆጣሪ» ሆነ። ስትገባ፣ «ዝም በሉ፣ ቆጣሪ መጣች፤ ከዚህ በኋላ የሚወራ ሁሉ ይመዘገባል» ይላሉ። አንዱማ የግድግዳውን የመብራት ቆጣሪ እያሳየ፣ «እህትሽ ናት?» አላት። በእርግጥም አጥፍታ ነበርና አልተከፋችም። ቁጥሩን ግን አልነካችውም።

ማክሰኞ ለእናቷ ደወለች። እናቷ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ከኋላዋ የማጠቢያው ማሽን ያጓራል።

«ለዝንብ ብለሽ ነው ዓመት የምታቃጥዪው?» አለቻት። «የሚለውን ጻፊለትና ተገላገዪ። እውነቱን በሆድሽ ያዢው።»

«እንዳንቺ?» አለች ልጅቷ።

እናቷ ስልኩን ዘጋችው።

ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ቤተ መጻሕፍት ገብታ፣ ባዶ ወረቀት ላይ አራት ሳጥን ሣለች። ከሁለት ጥቅልል ወላጆች አራት ዓይነት ልጅ ይወጣል፦ አንዱ ጥቅልልነትን ከሁለቱም ወላጅ ይወርሳል፤ ሁለቱ ከአንዱ ብቻ፣ ለመጠቅለል እሱም ይበቃል፤ አንዱ ከማንም አይወርስምና ቀጥ ይላል። ሦስት ለአንድ ማለት ይኸው ነው። ሳጥኖቹን አፍጥጣ አየቻቸው። ከሁለቱም የወረሰው ባይኖርስ? ሳይፈለፈል ቢሞትስ? የመጀመሪያውን ሳጥን በእስክርቢቶ ሰረዘችው። የቀሩት ሁለት ጥቅልልና አንድ ቀጥ ናቸው።

«ሞተዋል!» ብላ ጮኸች። ቤተ መጻሕፍቱ ሁሉ ዞሮ አያት። የመጻሕፍቱ ኃላፊ ደንግጦ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ማን ነው?» አላት።

አንድ ነገር ግን ቀርቷታል። ወረቀቱ ስለ ሟቾች ምንም አይልም። እንግዲያው ወይ ወረቀቱ ውሸታም ነው፣ ወይ ዝንቦቹ ወረቀቱ የሚላቸው ዝንቦች አይደሉም። በቀጥታ ምድር ቤት ወርዳ አሮጊቷን ቴክኒሻን ጠየቀቻቸው። ጠርሙስ እያጠቡ ነበር።

«ይቺን ነገር የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር፤ አንቺ ሆንሽ» አሉ እጃቸውን እያራገፉ። «የድሮዎቹ ዝንቦች አልቀዋል ልጄ። ከአምስት ዓመት በፊት ማቀዝቀዣው ተበላሸና በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሙቀት ፈጃቸው። እነዚህን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው ያስመጣናቸው። ሌላ ዘር ናቸው።»

«ዶክተሩ ያውቃል?»

«እንዴ፣ በዚህ አፌ ነገርኩት! ‹ዝንብ ዝንብ ነው› አለኝ።» ከመደርደሪያው ላይ ወፍራም መዝገብ አወረዱ። የመጡበት ቀን፣ ዘራቸው፣ ከየት እንደመጡ፣ ሁሉም በተጣራ እጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። «ውሰጂው አልልሽም፤ መዝገቤ ከዚህ አይወጣም። የሚያይ ግን ይምጣ።»

ዓርብ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ደረጃ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ያንኑ።»

እናቷ ትንፋሿን ሳበች። «እንግዲያው እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ» አለች።

ያንኑ ቁጥር ሰጠች፤ ከኋላው አራቱን ሳጥኖች፣ የተሰረዘውንም ጭምር፣ አያይዛ። የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ቀንና ሰዓት ያለበት ማኅተም መታችበት። ሰኞ ደብተሩ ሲመለስ ሳጥኖቹ ላይ በቀይ ኤፍ ተጽፎ ነበር። አላለቀሰችም። ደብተሩን እንደያዘች የዲፓርትመንቱን ኃላፊ በር አንኳኳች፤ ሲበዛ ቁጡ የሚባሉ ትልቅ ሴት ናቸው።

«ዶክተሩ ይህን ኮርስ ስምንት ዓመት አስተምሯል» አሏት መነጽራቸውን ሳያወልቁ።

«ዝንቦቹ ግን ከመጡ አምስት ዓመታቸው ነው» አለች።

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በእኔ ቃል አይመኑ» አለች ልጅቷ። «በዶክተሩም ቃል አይመኑ። አዲስ ጠርሙስ ይዘጋጅ፤ ቁልፉ እርስዎ ጋ ይሁን፤ በፊትዎ ይቆጠር። ሦስት ለአንድ ከወጣ ኤፉን ፈርሜ እወስዳለሁ።»

ኃላፊዋ ሄደው መዝገቡን አዩ። አዲስ ጥንድ ተዳቀለ። አሥራ ሁለት ቀን ተጠበቀ፤ ልጅቷ አሥራ ሁለቱንም ቀን ክፍል ገባች፣ ወጣች። ተሳስቼስ ቢሆን? ጠርሙሱ ቢያሳፍረኝስ? አንድ ቀንም ግን ኃላፊዋ ጋ ሄዳ ይቅርብኝ አላለችም።

የቆጠራው ዕለት ምድር ቤቱ ጠበበ። ሠላሳ አራቱም በመስኮቱ ጫማ፣ በበሩ አንገት ሆነው መጡ። ዶክተሩ ክፍለ ጊዜ አለኝ ብሎ ሊወጣ ሲል ኃላፊዋ ብሩሹን ዘረጉለት።

«ቁጭ በል። የምትቆጥረው አንተ ነህ።»

ቆጠረ። ጆሮው ቀላ። ደግሞ ቆጠረ። ቴክኒሻኗ ግድግዳ ተደግፈው ይመለከታሉ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጥቅልል፣ መቶ ሰባት ቀጥ።

«ጠርሙሱ ተበክሎ ሊሆን ይችላል» አለ።

«ማን አጥቦት?» አሉ የዝንቦች እናት፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የተሰሙት ያኔ ብቻ ነው። ኃላፊዋ ቁጥሮቹን በራሳቸው እጅ ጻፉ፤ ዶክተሩንም አስፈረሙት።

ኤፉ ተሰረዘ። ሠላሳ አራቱ ልጆች ጠርሙሳቸውን ከፍተው እንደገና እንዲቆጥሩ ታዘዙ። ሁለት ቀን «ቆጣሪን» ሲረግሙ ዋሉ፤ በሦስተኛው ቀን አንደኛው፣ ያ የመብራት ቆጣሪ ያሳያት ልጅ፣ መጥቶ ብሩሹ እንዴት እንደሚያዝ ጠየቃት። አሳየችው። «በእናንተ ላይ በመናገሬ ግን አጥፍቻለሁ» አለችው። «ተዪው፣ ደግሞስ መቼ ዋሸሽ?» አላት።

መመሪያው ወረቀት እንዲታረም ተወሰነ። ኃላፊዋ «ሁለት ለአንድ» ተብሎ ይጻፍ ሲሉ ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ባዶ ይተው» አለች። «ከተጻፈማ ይገለበጣል።»

ባዶ ተተወ።

ዶክተሩ ይቅርታ አልጠየቀም። የመጨረሻው ውጤት ሲለጠፍ የእሷ ቢ ነው፤ ከጎኑ በትንሽ ጽሕፈት «ዘግይቶ የገባ» ይላል። ጓደኛዋ ክንዷን ያዘቻት።

«በቃ ተዪው፣ አልፈሻል እኮ! ቢ ምን ይወጣለታል?»

ልጅቷ ከቦርሳዋ የዓርቡ ማኅተም ያለበትን ገጽ አወጣች፤ ቀኑንም ሰዓቱንም አየችው። አስገቢ ከተባለችበት ሰዓት በአምስት ሰዓት ይቀድማል።

«ቢ ጥሩ ነው» አለች። «የእኔ ግን አይደለም።»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች፤ የዶክተሩንም በር በጣቷ ሳይሆን በመዳፏ መታችው።