የትኬት ቆራጩ ሙሾ

አንዳርጋቸው በባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጥንት እንግሊዞችን የጀግና ግጥም ያስተማረ ሰው ነው። ግጥሙ ውስጥ ጀግናው ይፎክራል፣ ጭራቅ ይገድላል፣ ያረጃል፣ ይሞታል፣ በመጨረሻም በወጉ ይለቀስለታል። ተማሪዎቹ ጭራቁን ይወዱታል፤ ፈተና ላይ የሚመጡት ግን ቃላቱ ናቸው። እነዚያ ሰዎች ባሕርን ባሕር ብለው መጥራት ነውር ሳይመስላቸው አልቀረም፤ «የዓሣ ነባሪ ጎዳና» ይሉታል። የሰውን ገላ «የአጥንት ቤት» ይሉታል። ስንኙ እንዲያምር ደግሞ ቃላቱን በአንድ ድምፅ እያስጀመሩ ይደረድሯቸዋል። አንዳርጋቸው ይህን ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። ዓሣ ነባሪ ግን እሱም አላየ፣ ተማሪዎቹም አላዩ። ጣና ላይ ከጉማሬ የሚበልጥ ነገር የለም።

አባቱ አቶ ገብረ ኪዳን ማክሰኞ ረፋድ ላይ አረፉ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከባሕር ዳር ወደ ቁንዝላና ወደ ደልጊ በሚመላለስ መርከብ ላይ ትኬት ቆርጠው ነው ጡረታ የወጡት። እድገት አላገኙም። ለምን እንዳላገኙም ተናግረው አያውቁም። የቁንዝላ ዘመድ እስኪደርስ ተብሎ ቀብሩ ለረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ አገርነሽ መጡ። እትዬ አገርነሽ የፋሲሎ ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በእሳቸው አፍ ነው የሚሸኘው። ሙሾ ከማውረዳቸው በፊት ቤተሰቡን ቁጭ አድርገው ይጠይቃሉ። ያልሆነውን ሆነ ብለው አልቅሰው አያውቁም፤ በዚህም ምክንያት ከአንድ ሁለት ቤተሰብ ጋር ተኳርፈዋል።

«በል አንዳርጌ፣ ምን ልበልላቸው?»

አንዳርጋቸው ተዘጋጅቶ ነበር። ለአባቱ የሚገባው የጀግና ለቅሶ ነው ብሎ ከንጋት ጀምሮ ሲጽፍና ሲሰርዝ ነው የቆየው። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አነበበ።

«የውኃ ወለል ወታደር፣ ወረቀት ወጊ ወንድ፣ የወጀብ ወዳጅ…»

እትዬ አገርነሽ ጥቁር ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«አባባ ናቸዋ!»

«ወታደር ነበሩ?»

«መርከብ ላይ ስለሚቆሙ ነው።»

«ወረቀት የሚወጉትስ?»

«ትኬት ሲበሱ ነው።»

«ታዲያ ትኬት ቆራጭ ብላቸው ምን አለበት?»

አንዳርጋቸው አስተማሪ ነውና ማስረዳት ጀመረ። ነገርን በስሙ አለመጥራት የጀግና ግጥም ወግ እንደሆነ፣ ሰሚው አስቦ ሲደርስበት የሟቹ ክብር ከፍ እንደሚል ሳይቸኩል አብራራ። ሰሌዳ ቢያገኝ ይጽፍ ነበር። እትዬ አገርነሽ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ልጄ፣ ይኸ እንቆቅልሽ ነው። ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ሲያስብ እንባው ይደርቃል። እያሰላሰለ የሚያለቅስ ሰው እኔ አላየሁም። ይልቅ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ትኬት ይቆርጡ ነበር።»

«እሱንማ አገር ያውቀዋል። ሌላስ?»

ሌላውን አንዳርጋቸው ያገኘው ትናንት ነው። የአባቱን መታወቂያ ሲፈልግ ሳጥናቸው ውስጥ በክር የታሰሩ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች አገኘ። ሁሉም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ሁሉም «መርከቡን ያለ ፈቃድ በማዘግየትዎ» ብለው ይጀምራሉ፤ ከሁሉም ግርጌ የኃላፊያቸው የአቶ ጥዑመ ልሳን ፊርማ አለ። አፈረ። ከማፈሩም በላይ ተናደደ፤ አንድ ደብዳቤ ይበቃ አልነበረም? አሁንም ሊያሳያቸው አልፈለገም ነበር፤ ግን እትዬ አገርነሽ መልስ ሳያገኙ የሚነሡ ሴት አይደሉምና አምጥቶ አንዱን አነበበላቸው።

«ማንን ሲጠብቁ ነው ያዘገዩት?» አሉ ደብዳቤዎቹን አገላብጠው። ማንበብ ባይችሉም ቆጥረዋቸዋል።

«እሱን አይልም። የዘገየውን ሰው ሁሉ መሰለኝ።»

«አገኘሁት» ብለው ብድግ አሉ።

«እትዬ፣ በማርያም! ይህንማ እንዳያነሡት። አቶ ጥዑመ ልሳን ይመጣሉ። የአባባን ጥፋት በለቅሷቸው ላይ ልናስነግር ነው?»

«እኔ አልዋሽም» አሉና ወጡ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ሞላ። አቶ ጥዑመ ልሳን ከዘራቸውን ይዘው ድንኳኑ በር ላይ ተቀመጡ። እትዬ አገርነሽ መሐል ገብተው ደረታቸውን መቱ።

«ደብዳቤ ጻፉበት፣ አሥራ አንድ በቁጥሩ፣
ሰው ትቼ አልሄድም ስላለ ከምሩ!»

ሰው ሁሉ ወደ ድንኳኑ በር ዞረ። አንዳርጋቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አባቱን በአደባባይ ያዋረዳቸው እሱ ራሱ እንደሆነ ተሰማው፤ ሳጥኑን የከፈተው እሱ፣ ደብዳቤውን ያሳየው እሱ።

«አንዱ የእኔ ነው!» አለች አንዲት ሴት። በደልጊ ጨርቅ የምትነግደው ሸምሲያ ነበረች። «አንዱ ደብዳቤ የእኔ ነው! የታመመች ልጄን አዝዬ ስሮጥ፣ የመርከቡን ገመድ በእጁ ይዞ ቆየልኝ! ወንድሜን!»

«ሁለቱ የእኔ ነው» አሉ አንድ የቁንዝላ ሽማግሌ እያለቀሱ። «እኔ መቼም በሰዓቱ ደርሼ አላውቅም።»

«አንዱ የእኔ!» ተባለ ከወዲያ ጥግ። ከወዲህም። ግቢው በለቅሶ ተናወጠ። አንዳርጋቸው ሳያስበው ይቆጥር ነበር፤ አሥራ ስድስት ደረሰ። ቁጥሩ ከደብዳቤው ጋር እንደማይገጥም ሲገባው አቶ ጥዑመ ልሳን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ፊታቸው በእንባ ርሷል።

«ሁሉንም አልጻፍሁም» አሉ። «አይቼ ያለፍሁትም አለ።»

መልሰው ተቀመጡ።

ወጣቶቹ የሬሳ ሳጥኑን ከቤት አውጥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ያን ጊዜ አንዳርጋቸው ሰዉን ገፍቶ መሐል ገባ። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ስለ ፉከራና ስለ ስንኝ የሚያውቀው ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። አንዱም አልመጣለትም። አባቱን ይወድ ነበር፤ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ ስለ ሥራቸው ጠይቋቸው አያውቅም።

«አባቴ!» አለ። «ለደልጊ ሰው ቆየህ፣ ለቁንዝላ ሰው ቆየህ፣ እኔ ገና አልደረስሁም! ትንሽ ቆይ! ትንሽ ቆየኝ!»

ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ጸሎቱን የሚመሩት ቄስ ፍሬ ስብሐት ሰዓታቸውን አዩና በእጅጌያቸው ሸፈኑት። ቀብሩ ሩብ ሰዓት ዘገየ።