የክርስትና ስሙ

ተስፋ ጣፋጭ ቃል ነው ብለው የሚያስተምሩ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን መርዶው በደረሰኝ በዚያ የጥቅምት ማለዳ፣ ተስፋ እንደ ፍርድ ዕለት የሚያስፈራ፣ እንደ ገደል አፋፍ የሚያንቀጠቅጥ ነገር መሆኑን ተማርሁ፤ ተስፋ የሌለው ሰው የሚያጣው የለምና አይፈራም፣ ተስፋ ያለው ግን ነግቶ እስኪመሽ ይፈራል። ባሌ ጓንጉል የአሞሌ ነጋዴ ነበረ። የመንገድ ጓዱ ይርዳው ደጄ ቆሞ፣ ጨው ሊጭኑ በወረዱበት በረሃ ንዳድ ይዞት በሦስተኛው ቀን ማረፉን፣ ካህን በሌለበት ምድርም በድንጋይ ክምር ሥር መቀበሩን አረዳኝ። ለቅሶው ጋብ ሲል የነፍስ አባቴ መምሬ ዘለቀ ፍትሐት ሊያደርሱለት መጡና የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። አላውቀውም ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ አትፍረድብኝ። ጓንጉል በክፉ ቀን እናት አባቱን አጥቶ በሰው ደጅ ያደገ ሰው ነበረ፤ የክርስትና ስም በክፉ ሰው ጆሮ ከገባ ለመተት ይሆናል እያለም፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት፣ ስሙን ሸሸገኝ። በጠየቅሁት ቁጥር እየሳቀ፣ በተጣላን ማግስት ለጠንቋይ ትሸጪኛለሽ ይለኝ ነበር። በሰማንያ እንጂ በቁርባን አልተጋባንምና በመቅደስ ስሙ ሲጠራ አልሰማሁም፤ ቁርባኑን ለእርጅና አቆይተነው እርጅናው ሳይደርስ ቀረ። ጎረቤቴ እሜት ደብሬ ከለቀስተኛው መካከል፣ «አንቺዬ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ያጎረስሽውን ሰው ማን ብለሽ ልትሸኚው ነው?» ሲሉኝ ሰዉ ፈገግታውን በነጠላው ሸፈነ።

እኔን ያንቀጠቀጠኝ ግን የእርሳቸው ሽሙጥ አልነበረም። ተሸሸገ ያልሁት ስም ጭራሹን ባይኖርስ? ያን ወላጅ አልባ ሕፃን ማን አንሥቶ አስጠመቀው? በአንገቱ ማተብ ነበረ፤ ማተብ ግን ማንም በማንም አንገት ያስራል። ላልተጠመቀ ፍትሐት የለም። ብናገር ባሌን በገዛ አፌ ከጸሎት ደጅ ላስወጣው፣ ዝም ብል የነፍስ አባቴን ላታልል ሆነ፤ በመጨረሻም መምሬን ከዳሱ ለይቼ ሁሉን ነገርኋቸው። የአዛውንቱ ካህን ፊት ጠቆረ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ተጠምቋል ብለሽ ታምኛለሽ?»

«አላውቅም አባቴ። ተስፋ አደርጋለሁ።»

«እኔም ከዚህ የበለጠ የለኝም» አሉና ወደ ዳሱ ተመለሱ።

መጽሐፉንም ገልጠው፣ ጸሐፊው የሟቹ ስም እንዲገባበት «እገሌ» ብሎ በቀይ ቀለም ከተወው ስፍራ ሲደርሱ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልቆመም፤ «ነፍሰ ገብርከ እገሌ»፣ የባሪያህ የእገሌ ነፍስ፣ ብለው እንደ ተጻፈው አነበቡት። የሳቀ አልነበረም፤ እሜት ደብሬ እንኳ ከሁሉ ቀድመው ሰገዱ። እኔ ግን ይኸው ሰባት ዓመት፣ ያ ጸሎት ማንን እንዳገኘ ሳላውቅ፣ ተዝካሩን እየፈራሁ አወጣለሁ።

ስለዚህ ይህን የምታነብ ሆይ፣ ለባሌ ጸልይለት፤ ከጓንጉል በቀር የምሰጥህ ስም የለኝምና በዚህ አትቸገር፤ ስሙን የምናውቀውን መጥራት ልማድ ነው፣ ስሙን የማናውቀውን ግን ስሙን ለሚያውቅ አምላክ እየፈሩ አደራ ማለት፣ ተስፋ እርሱ ነው።