የሱሪው ትርፍ ጨርቅ

ልብስ ሰፊዋን ያን ሰሞን ወንበሯ እሾህ የበቀለበት ይመስል አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷት ነበር። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ሁለት ሦስቴ ትረግጥና ታቆማለች፤ አንገቷን ወደ መኝታ ቤቱ በር ታሰግጋለች፤ ታዳምጣለች። የምታዳምጠው ገመድ ነው። ባሏ ውስጥ ሆኖ ገመድ እየዘለለ ከሆነ ወለሉ ድው ድው ይላል፤ ከታች ያለው ጡረተኛ ጎረቤታቸውም በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል። ሁለቱን ድምፆች ስትሰማ ልቧ መለስ ይላል። ዝም ካለ ግን ሰውዬው ገመዱን ታቅፎ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል ማለት ነው፤ እሷም ሥራዋን ጥላ ትነሳለች።

ነገሩ የመጣው ከሐኪም ዘንድ ነው። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲነዳ የሸበተ፣ ከመሪ ሌላ እንጀራ የማያውቅ። ለሹፌሮች በሚደረገው ምርመራ ላይ ሐኪሙ የደም ግፊቱን ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ከዚያ መነጽሩን አወለቀና «ይሄን ግፊት ይዘህ ያን ሁሉ ሰው ጭነህ ብዙ አትሄድም» አለው። የሚውጠውን መድኃኒት ጻፈለት። ሌላውን በቃል ነገረው፦ ቦርጭህን አጉድል፣ በየቀኑ ስፖርት ሥራ፣ ከወራት በኋላ ተመለስ፤ ያኔ ካልወረደ አንተ ከመሪው ትወርዳለህ።

ሹፌሩ «ሐኪም ሥራው ማስፈራራት ነው» ብሎ ቀለል አደረገው። ሚስቱ ግን ማቅለል አልቻለችም። የባሏን አባት ታስታውሳለች። እሱም እንዲህ ነበር፤ ቀይ፣ ደልዳላ፣ ሳቂታ። አንድ ቀን ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀና ሳይል ቀረ። ከሐኪሙ ዘንድ ከመጡ ጀምሮ ባሏ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ባለ ቁጥር እሷ ትንፋሿን ትይዛለች።

ለሌላ ሰው ቢሆን ይህን ያህል አትጨነቅም ነበር። የባሏን ጠባይ ግን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ጋራዥ ውስጥ ጓደኞቹ «አንደኛ ማርሽ» ነው የሚሉት። ሞተር ማስነሳት ያውቃል፤ ሁለተኛ የሚባል ነገር አያስገባም። ሳሎኑን ቀለም ልቀባ ብሎ በጋለ ስሜት ተነሳ፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ተወው። ግድግዳው እስከ ዛሬ ግማሹ ነጭ ግማሹ ወይንጠጅ ነው። መደርደሪያ ልሥራ አለ፤ ሁለቱ ጎኖች ቆሙ፣ መሃሉ ቀረ፤ ዛሬ ጃንጥላ ይደገፍበታል። እንዲህ ያለውን ሰው «በየቀኑ» የሚባል ነገር ማዘዝ ዓሣን ዛፍ ውጣ እንደማለት ነው።

አጀማመሩማ ያምር ነበር። ነጭ የስፖርት ጫማ፣ የመዝለያ ገመድ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ጨርቅ ሳይቀር ይዞ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ፎቁ በሙሉ ስፖርት መጀመሩን ያውቅ ነበር። በሁለተኛው ጉልበቱን አመመው። ከዚያ አየሩ ከበደው። ከዚያ ጡረተኛው ጎረቤት አሳዘነው።

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው።

«የሰውዬውን ጣሪያ ላፍርስበት?»

«እሱ ይፍረስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም?»

«እንቁላሉ ቦርጭ የለበትማ!»

አንድ ቀን ጠዋት ሱሪውን ሲታጠቅ አየችው። ቀበቶ ሆዴን ያመኛል ብሎ ከተወ ቆይቷል። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ የሱሪውን መንጠቆ ታገለ፣ ቀላ፣ በመጨረሻ እንደምንም አያያዘውና «ይኸው፣ እንዳለ ነው! ታዲያ ለምን እለፋለሁ?» አለ። ገመዱን ምስማር ላይ ሰቅሎ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ክፉ ነገር ያደረገችው ያን ቀን ነው፤ ክፉ ከተባለ።

ሙያውን ያስተማራት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አንድ ሕግ ነበረው። የወንድ ሱሪ ሲሰፋ ከኋላ በኩል፣ ወገቡ ላይ፣ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ይተውለታል። «ሰው አይታመንም፤ ይወፍራል፣ ይከሳል። ትርፉን እንዳትቆርጪ» ይላት ነበር። እሷም ቆርጣ አታውቅም። ቤት ያሉትን የባሏን ሱሪዎች በሙሉ የሰፋችው እሷ ናት፤ ሁሉም ትርፍ አላቸው። ባሏ ወደ ሥራ ሲሄድ ሱሪዎቹን አወረደች፣ ስፌታቸውን በምላጭ ፈታች፣ የጣት ስፋት ያህል ለቀቀቻቸው፣ የድሮው መስመር እንዳይታይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋ ተኮሰቻቸው። ቁም ሳጥኑን ስትዘጋ ልጅ ሆና ስኳር የሰረቀች ቀን እንደመታት ልቧ ይመታ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከመኝታ ቤት የመጣው ጩኸት ምላጯን አስጣላት።

«አንቺ! ነይ እዪ! ነይ እንጂ!»

ሄደች። ሹፌሩ ሱሪውን ታጥቆ በወገቡና በጨርቁ መካከል አውራ ጣቱን አስገብቶ ቆሟል። ፊቱ በርቷል።

«ገባ! ሳልተነፍስ ገባ!»

«ይገርማል» አለች፤ ዓይኑን ሳታይ።

ገመዱ ከምስማሩ ወረደ። ወለሉ ድው ድው አለ፣ መጥረጊያው ከታች መለሰ፣ እሷም ያን ቀን ስትዘፍን ዋለች። ትንሽ ቆይታ ጥቂት ለቀቀችለት። ባሏ በመስታወት ፊት በጎኑ መቆም ጀመረ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ይህን አልጠረጠረችም ነበር። አንድ ቀን ሹፌሩ ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ «እኔ እንግዲህ ደረስኩ» አላት።

«የት ደረስክ?»

«ልኬ ላይ! ሱሪው ይናገር የለ? ሰው ከዚህ በላይ ከከሳ በሽታ ነው።»

ገመዱ ተሰቀለ። ከታች ያለው ጡረተኛ እንኳ ደረጃ ላይ አግኝቷት «ምነው፣ ሰላም ሆናችሁ?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ምን ትበል? እንደገና ምላጯን አነሳች፤ የለቀቀችውን መልሳ ያዘች። በማግስቱ መንጠቆው እምቢ አለ፤ ሹፌሩ ደነገጠ፤ ገመዱ ወረደ። እንዲህ እንዲህ እያለ ተስፋ ሲቆርጥ እየለቀቀች፣ ሲሰንፍ እያጠበበች ከረመች። ሹፌር ተብሎ የሚጠራው እሱ ነው፤ መሪው ግን በእሷ መርፌ ነበር የተያዘው።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ጠፋባት፤ የባሏ ልክ። ስንቴ እንደለቀቀች፣ ስንቴ እንደያዘች ተምታታባት። እውነት ከስቷል? ወይስ የከሳው ሱሪው ብቻ ነው? የመንደሩን ሰው ወገብ በዓይኗ ለክታ የምትቆርጥ ሴት የገዛ ባሏን ወገብ አታውቀውም። በሜትር ልለካህ ብትለው «ምን፣ ለሬሳ ሣጥን ነው?» ብሎ ሳቀ። ያቺ ቃል ሆዷ ገብታ ተሰነቀረች። ከዚያ ወዲያ ሜትር ብላ አፏን አልከፈተችም። ሲተኛ በክንዷ ልታቅፈው ትሞክራለች፤ አንዳንዴ ጣቶቿ ይገናኛሉ፣ አንዳንዴ አይገናኙም።

ሥራዋ ተበላሸ። የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ለሌላዋ ኪሱን ዘግታ ሰጠቻት። የምርመራው ጊዜ እየቀረበ ነው፤ ባሏ ቀኑን አይነግራትም፤ ብትጠይቀው «አለ፣ የትም አይሄድም» ይላታል። የባሰው ደግሞ ሹፌሩ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ማጉረምረሙን ተወ። ሱሪው ጠበበም ሰፋም አያነሳም። በየማለዳው ተነስቶ ጫማውን ያስራል፣ ይዘላል፣ ይታጠባል፣ ይሄዳል። ሌላ ሴት ብትሆን እሰይ ትል ነበር። እሷ ግን አንደኛ ማርሽን ታውቀዋለች፤ ዝምታው አስፈራት። በዚያ ሰሞን መርፌዋን ከሱሪዎቹ አራቀች።

አንድ ቀን፣ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን፣ ደረጃው ላይ የምታውቀውን ኮቴ ሰማች። ፔዳሉን መርገጥ አቆመች። ሹፌር በዚህ ሰዓት ቤቱ አይመጣም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቷ።

በሩ ተከፈተ። ባሏ የሥራ ደንብ ልብሱን እንደለበሰ ገባ። ይህን ልብስ ለብሶ እቤት ገብቶ አያውቅም። ደንብ ልብስ ጋራዥ ይቀየራል፣ እዚያው ይታጠባል፣ እዚያው ያድራል። ለብሶት ከመጣ ዕቃህን ይዘህ ውጣ ብለውታል ማለት ነው።

«አወረዱህ!» አለች ከመቀመጫዋ ተነስታ።

«ማን? እኔን?» አለ እያለከለከ። አንድ እጁ ሱሪውን ወገቡ ላይ ጨብጧል። «እኔስ አለሁ፤ ሊወርድ የነበረው ሱሪው ነው። ሰሞኑን በጫማ ክር አስሬው ነበር የምነዳው፤ ዛሬ ሐኪሙ ፊት ክሩ ተበጠሰና ነርሷ ስቃ ልትሞት! በይ አጥብቢልኝ።»

«ሐኪሙ... ዛሬ ነበር እንዴ? ምን አለህ?»

«ወርዷል አለኝ። ጨርሶ አይደለም፤ ግን ንዳ ብሎ ፈረመልኝ። ካቆምክ ግን ተመልሶ ይመጣል ብሎኛል።»

መልሳ ተቀመጠች። ሹፌሩ ቁምጣ ቀይሮ መጣና ሱሪውን መኪናው ላይ አኖረላት። ወገቡን ገለበጠችው። ክሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ስፌቱ ከተሰፋ ጀምሮ ምላጭ ነክቶት አያውቅም። ሁሉንም ሱሪዎቹን ስትፈታና ስትገጥም ስትከርም ይቺ አንዷ ጋራዥ መኖሯን ረስታዋለች። በዚህች ብቻ የባሏ ልክ እንዳለ ነው፤ እውነተኛው ልክ። እንባዋ መጣ።

«ይቺን አልነካሻትም አይደል?» አላት ቀስ ብሎ።

ቀና ብላ አየችው። «ታውቅ ነበር?»

«የቤቱ ሱሪ ሲያሞግሰኝ የጋራዡ ሲሰድበኝ ነበር እኮ የሚውለው። መጀመሪያ ጋራዥ ሲያጥቡት ያኮማተሩት መስሎኝ ነበር። ኋላ ነቃሁ።»

«ነቅተህ ነው ደረስኩ ያልከኝ?»

«ሰነፍኩ። ምክንያት ሰጠሽኝ፣ ያዝኩት።» ጭንቅላቱን አከከ። «ከዚያ አንድ ቀን ቁልፍ ረስቼ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሱሪዬን ጭንሽ ላይ ዘርግተሽ በምላጭ ትፈቻለሽ፤ ደግሞ ታናግሪዋለሽ።»

«ማንን?»

«ሱሪውን። ‹እባክህ፣ አንድ ነገር እንኳ ጨርስ፤ እኔ ብቻዬን ምን ይውጠኛል› አልሽው። ሐኪሙ ሲነግረኝ አልፈራሁም፣ እውነቴን ነው። ያን ቀን ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ቁልፉንም ሳልወስድ ሄድኩ።»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ስፌቱን ፈታች፤ በጠመኔ አሰመረች፤ ሰፋች። ስትጨርስ ከውስጥ በኩል የተረፈው ጨርቅ የእጅ መዳፍ ያህል ነበር። ልትተኩሰው ስትል ሹፌሩ በጣቱ ነካው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ትርፉ ነው። ይቀመጥ።»

«ለምን ይቀመጣል?»

ለምን እንደሚቀመጥ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ቁረጪው» አላት።

«ተው እንጂ! መልሰህ ብትወፍር የሚለቀቅ ነገር አይኖርም።»

«አይኑር።»

«መምህሬ ሰው...»

«አይታመንም ብሎሻል፤ ስንቴ ነገርሽኝ። ቁረጪው።»

መቀሱን አነሳች። የግማሽ ቀለሙን ግድግዳ አየች፤ ጃንጥላ የተደገፈበትን መደርደሪያ አየች። ይህን ሰው ታውቀዋለች። ልቧ አላመነም። መቀሱ ግን ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ይዞ ሄደ፤ ቁራጩ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ሹፌሩ ነጩን ጫማ ከበሩ ኋላ አመጣና ክሩን ሊያስር ጎንበስ አለ። እሷ እንደ ልማዷ ትንፋሿን ያዘች። ቀና ሲል ተነፈሰች።