ድብ አመሰግናለሁ አይልም

እና አሁንም ኩሮዳ-ሳን አፍሽን ያዢ ይላታል፣ በመሰናበቻ ግጥሚያዋ ቀን እንኳ፣ ሎረታ ጉልበቷን በፋሻ እየጠቀለለች ነው፣ ባትሰማው ይሻላል፣ ድብ ናትና፣ በኦሳካ ግድግዳ ሁሉ ላይ ማስታወቂያዋ ተለጥፏል፣ የአርካንሳስ ድብ፣ ጥሬ ጉበት በል፣ የሰው ቋንቋ የማታውቅ፣ የትግል ትርዒቱ ባለቤት ኩሮዳ-ሳን ደግሞ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ ሎረታ-ሳን፣ ሕዝቡ የመጣው አውሬ ለማየት ነው፣ ድብ አመሰግናለሁ አይልም፣ ይላል በጃፓንኛ። በጃፓንኛ! ጃፓንኛ እንዳትናገር በጃፓንኛ ይነግራታል፣ እሷም በጃፓንኛ እሺ ትላለች። ምን ይደረግ፣ የሠለጠነ ሰው አሠራር ነው።

እሺ አለች እንዴ?

በቀይ ፀጉር መጥታ በሽበት ልትሄድ፣ የትግል ታላላቆቿን ላብ ያረፈበት ልብስ ስታጥብ፣ ሩዝ ስትቀቅል፣ መድረኩን ስትጠርግ ቋንቋውን ከነስድቡ ለቃቅማ፣ ለአፏ ግን ናጋይ ተቀጠረላት፣ አስተርጓሚው፣ ከረባታሙ፣ አንድ ቀን ትከሻዋ ወልቆ ሐኪም ጥሩልኝ ብላ በእንግሊዝኛ ብትጮህ፣ ናጋይ ማይኩን ይዞ፣ የልጆቻችሁን ጉበት አምጡልኝ ትላለች! ጭብጨባው ጣራ ነቀነቀ። ሐኪሙም አጨበጨበ።

ሰው የምትሆነው ዓሣ ተራ ብቻ ነው፣ የአፍ ጭምብል አድርጋ፣ ባርኔጣ ደፍታ፣ ማንም አያውቃትም፣ ከገበያተኛው ሁሉ በራስና በትከሻ የምትበልጥ ሴት፣ ማን ልብ ይላታል? ከዓሣ ሻጯ ከእማማ ሚዮ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ ይሄ ዓሣ ዓይኑ ፈዟል፣ የፈዘዘውስ ያንቺ ነው ልጄ፣ ቀንሺልኝ፣ አልቀንስም፣ እንዴት ደስ ይላል። ከዚያ ወደ ማገሳት።

ነገ አውሮፕላን። አርካንሳስ። እህቷ ሻንጣዋን ተቀብላ፣ እስከዛሬ እዚያ ምን ስትሠሪ ነበር? ሳጓራ፣ እህቴ፣ ሳጓራ ነበር። አንድ ቃል፣ በራሷ አፍ አንድ ቃል ሳትናገር ከሄደችማ ኖራም አታውቅ።

ደወል። ሂናኮ ናት ባላጋራዋ፣ አወዳደቅ ያስተማረቻት ልጅ፣ አንገቷን አንቃ በጆሮዋ፣ ታላቄ፣ ጉልበትዎን አልነካውም፣ ትላታለች። ንኪው! አዝነሽ ከምትጥዪኝ ስበሪው፣ አንቺ ለስላሳ! ሂናኮም ታዛዥ ናት፣ ነካችው፣ ጣሪያው ዞረ፣ ጀርባዋ መሬት፣ ዳኛው ቆጠረ፣ አለቀ። ሕዝቡ የስንብት የወረቀት ጥብጣቡን ይወረውራል፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ በትከሻዋ ላይ፣ በአፏ ላይ፣ በአፏ ላይ እንኳ ጥብጣብ! ናጋይም ከረባቱን አስተካክሎ መጣ፣ ተመልሼ እበላችኋለሁ ትላለች፣ ሊል ነው፣ ገና አፏን ሳትከፍት ደረቱን ነፍቷል፣

ማይኩን ነጠቀችው።

ስሙ፣ ትላለች፣ በዓሣ ተራው ጃፓንኛ፣ እኔ ጉበት አልወድም፣ ሽታው ያስመልሰኛል፣ እናንተን ግን እወዳችኋለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ይሄው ነው፣ ደግሞ ትከሻዬ የወለቀ ጊዜ ያጨበጨባችሁ እግዜር ይይላችሁ!

ኩሮዳ-ሳን ፊቱን ሸፍኗል፣ ናጋይ ልማድ ሆኖበት ያለ ማይክ፣ አጥንታችሁን እሰብራለሁ ትላለች! ማንም አያየውም። ያኔ ከፊት ረድፍ፣ እማማ ሚዮ፣ ከነሽርጧ፣

እፎይ! በስንት ጊዜዋ ተናገረች!

ታውቂያለሽ እንዴ?

አገሩ ሁሉ ያውቃል! ባቡር ላይ በጃፓንኛ ስልክ ስታወሪ ማን ያልሰማሽ አለ? የሎተሪ ሻጩ ስድብ የተማረው ካንቺ ነው!

ሳቅ፣ የፊት ረድፍ፣ የኋላ ረድፍ፣ ሁሉም ያውቃሉ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች፣ ታዲያ ለምን አትነግሩኝም፣ እናንተ ጨካኞች፣ ይህን ሁሉ ዘመን!

እንዴት ብለን? ይላል ከመሀል አንድ ሽማግሌ፣ በጣም ተጨንቆ። እርስዎ እንደዚያ እየለፉ ማሳፈር ነውር አይደለም?

ነውር። ለእሷ ክብር ብለው። ድፍን ከተማ ተሰብስቦ አላወቅንም እያለ አከበራት፣ በአክብሮት አፈናት፣ ደሟ ፈላ፣ ልታገሳ አፏን ከፈተች፣ ልማድ ነው፣ የወጣው ግን፣

የሰኞው ዓሣ ገምቶ ነበር!

ውሸታም! ትላለች እማማ ሚዮ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ የት ያለሽ ደፋር ነሽ! ሎረታም ጥብጣቧን እየጎተተች፣ በደህናው እግሯ፣ የመድረኩን ገመድ ተሻግራ ወደ እሷ ወረደች፣ ናጋይ ሊከተላት ሲል አንዲት ልጅ ከረባቱን ያዘችው፣ ይቀመጡ ጌታዬ፣ እየተነጋገሩ ነው።