ከውጭ የመጡት ተሳታፊ

«ውሃውን አስገቢ እንጂ፣ ምን ደጃፍ ላይ ያስገትርሻል!» አሉ አክስቷ በቱል ከግቢው ውስጥ።

ታማዱር ማሰሮውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። መንገዱ ላይ ከተተከለው የወንዶች ድንኳን በኩል፣ የሴቶቹን ግቢ እየጠየቀች የምትመጣ ልጅ አይታለች። ሪሃብ ናት፤ የሥነ ጥበብ ኮሌጁ የጥናትና ውይይት ቡድን ሰብሳቢ። የታማዱር አባት ሐጅ ባቢክር ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ዛሬ ለቅሶው ያበቃል። ሦስቱንም ቀን ታማዱር የፈራችው ይህንኑ ነበር፣ ከኮሌጁ ሰው እንዳይመጣ። አባት ሞቶ እንዲህ ያለ ፍርሃት! ያሳፍራል እኮ።

«ውይ ታማዱር፣ ቀደምሽኝ!» ሪሃብ አቀፈቻት። «ሽማግሌያችን ሁለት ሐሙስ ሲቀሩብን ጊዜ የጭነት መኪና ተራ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ሞቱ አሉኝ። አንቺስ ከማን ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አለች ታማዱር።

በቡድኑ የሐሙስ ውይይት የውጭ ሰው ይጋበዝ ብላ የተሟገተችው ራሷ ታማዱር ነበረች። «ዓመቱን ሙሉ ስለ መኪና ላይ ሥዕል እናወራለን፤ አንድ ቀን እንኳ የሚሥለውን ሰው ጠርተን አናውቅም!» ብላ ጠረጴዛ ስትደበድብ አጨበጨቡላት። ማስታወቂያውንም በገዛ እጇ ጽፋ የኮሌጁ በር ላይ ለጠፈችው። ታዲያ የመጀመሪያው እንግዳ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባቷ! ሠላሳ ዓመት የኦምዱርማን መኪኖች ጎን ላይ አንበሳ የሣሉት ሐጅ ባቢክር። አንበሳቸው ድመት ይመስላል እየተባለ ሠፈሩ ይስቅባቸዋል። ጀላቢያቸው ቢታጠብም የቀለም እድፉ አይለቅም።

የቡድኑ ደንብ ነው፣ ከውጭ የመጣን ሰው የሚያውቀው አባል ተነስቶ ያስተዋውቀዋል። «አባታችንን ማን ያውቃቸዋል?» አለች ሪሃብ። ታማዱር ወረቀቷን ማገላበጥ ያዘች። ሐጅ ባቢክር አንዴ አዩዋት፤ ከዚያ ፈገግ ብለው፣ «ማንም አያውቀኝም ልጆቼ፤ ማስታወቂያውን አይቼ ነው» አሉ። ስምንት ሐሙስ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ቤት ሲገናኙ ስለዚህ ነገር ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። ከታመሙ በኋላም ሪሃብ «ሽማግሌያችን የት ገቡ?» ብትላት፣ «እኔን ትጠይቂኛለሽ?» ብላ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ሾርባ አጠጥታቸው ነው የወጣችው።

ሪሃብ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «አንድም ቀን አይናገሩም ነበር አይደል? ታዲያ ለምን እንደሚመጡ ብጠይቃቸው ‹ልጄ እዚህ ትማራለች› አሉኝ።»

ታማዱር ግድግዳውን ተደገፈች።

«ማን ናት ብላቸው ‹ተይው› አሉ። ‹ቤት ከእኔ ጋር አታወራም፤ ምን ታድርግ፣ እኔ ምን አውቄ ታወራኝ። እዚህ ግን ስትናገር እሰማታለሁ። ስትናገር ደግሞ እንዴት ታምራለች!› አሉኝ።» ሪሃብ ዓይኗን በተከናነበችው ቶብ ጫፍ ጠረገች። «ምን ዓይነት ልጅ ናት በአላህ? ስምንት ሐሙስ ሙሉ አብራን ተቀምጣ! ልብ የላትም።»

«የላትም» አለች ታማዱር።

«ነይ በቃ፣ አብረን እንግባ።»

በቱል እንግዳ ሲያዩ ከምንጣፉ ተነሱ። «የማን ነሽ ልጄ?»

«ከኮሌጁ ነኝ አክስቴ። ከሐጅ ጋር አብረን እንማር ነበር።»

እንግዳ ቆሞ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ለሟች የፋቲሃ ጸሎት ያደርሳል፤ የሟች ወገን ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ መዳፉን ዘርግቶ ይቀበለዋል። ሪሃብ እጆቿን ዘረጋች። ታማዱር ማሰሮውን መሬት አስቀምጣ ከሪሃብ ጎን ወጣች፤ ምንጣፉን ተሻግራ ከአክስቷ አጠገብ ቆመችና ፊቷን ወደ ሪሃብ አዞረች። መዳፎቿን ዘረጋች።

«ታማዱር?» አለች ሪሃብ።

ሪሃብ በቱልን አየች፣ ታማዱርን አየች። ከዚያ እጆቿን ቀስ ብላ አወረደች።

ታማዱር እንደዘረጋች ቆመች።